ራስ አበበ አረጋይ፦ የጦርነት ዘመን ጥሪና የደጋው ሕዝብ እምነት

መንግሥታት በጦርነት ዘመን የሚያሰልፉት ወታደርን ብቻ አይደለም። አራሹ ስንቅ እንዲያቀብል፣ እናት ልጇን እንድትሸኝ፣ ነጋዴው ገንዘብ እንዲያዋጣ፣ ካህኑ እንዲያጽናና ይጠራሉ። ለዚህም የየዘመኑንና የየአገሩን መሣሪያ ይጠቀማሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1914 የጦር ሚኒስትሩን የሎርድ ኪችነርን ምስል፣ የአሜሪካ መንግሥት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1917 አጎት ሳም የተባለውን ምናባዊ ሽማግሌ ሥዕል በፖስተር አትመው በየግድግዳው ለጠፉ። በሁለቱም ሥዕሎች ላይ ጣቱን የቀሰረ ሰው ተመልካቹን ለውትድርና ይጠራ ነበር። በአገራችን የዚህን ሥራ ድርሻ የያዙት ነጋሪት፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ፣ የገበያ አዋጅ፣ ቀረርቶና ፉከራ፣ በኋላም ጋዜጣና ከአውሮፕላን የሚጣል በራሪ ወረቀት ነበሩ።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋማ አገር ይህ የቃል ጦርነት ከጠመንጃው ጦርነት ጎን ለጎን ለአምስት ዓመታት ተካሂዷል። በዚያ ትግል ውስጥ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሣው አርበኞች አንዱ ራስ አበበ አረጋይ ናቸው። የሕይወት ታሪካቸው ሲመረመር አንድ ቁም ነገር ደጋግሞ ይገኛል። ሕዝብን ለመስዋዕትነት የሚጠራ ቃል፣ በወረቀት ይጻፍ ወይም በነጋሪት ይነገር፣ ዋጋ የሚኖረው የጠሪው ሥራ ከቃሉ ጋር ሲስማማ ነው።

ትውልድና የመጀመሪያ አገልግሎት

አበበ አረጋይ በ1895 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው አፈ ንጉሥ አረጋይ በቸሬ ሲሆኑ፣ በእናታቸው በኩል የዳግማዊ ምኒልክ ታላቅ የጦር መሪ የነበሩት የራስ ጎበና ዳጬ የልጅ ልጅ ነበሩ። በዚህ የዘር ሐረግ ምክንያት ከልጅነታቸው ጀምሮ ለቤተ መንግሥትና ለጦር አገልግሎት ቅርብ ሆነው አደጉ። የባላምባራስነት ማዕረግ ከተሰጣቸው በኋላ በዋና ከተማዋ አራዳ ዘበኛ ይባል የነበረውን የከተማ ፖሊስ በአዛዥነት መሩ።

ኢጣሊያ ጦሯን በኤርትራና በሶማሊያ ድንበር ባከማቸችበት ጊዜ የኢትዮጵያ መንግሥት ሕዝቡን በዘመናዊ መንገድ ለመቀስቀስ የሚያስችል ተቋም አልነበረውም። ይህን ጉድለት ለመሙላት በሐምሌ 1927 ዓ.ም. በአቶ መኮንን ሀብተ ወልድ አስተባባሪነት የኢትዮጵያ ሕዝብ የአገር ፍቅር ማኅበር በአዲስ አበባ ተቋቋመ። በማኅበሩ መድረክ በንግግርና በዜማ ስለ አገር ነፃነት ትምህርት ይሰጥ ነበር። የዛሬው ሀገር ፍቅር ቴአትር መነሻው ይህ ማኅበር ነው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር የመረብን ወንዝ ሲሻገር በቤተ መንግሥቱ ታላቁ ነጋሪት ተመታ፤ የክተት አዋጁም ተነገረ። ይህ ሥርዓት ለሸዋ ደጋ ሕዝብ አዲስ አልነበረም። በዳግማዊ ምኒልክ የ1888 ዓ.ም. ክተት ከመንዝና ከግሼ በስተሰሜን የሚገኘው ወረኢሉ የጦሩ መሰብሰቢያ እንደ ነበር ሽማግሌዎቹ ያስታውሱ ነበር።

በዚያው ወቅት የፋሺስት መንግሥት የራሱን ሕዝብ በሰፊው ያሰልፍ ነበር። ታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. የእምነት ቀን በሚል ስያሜ በሮም በተደረገ ሥነ ሥርዓት የኢጣሊያ ሴቶች የጋብቻ የወርቅ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ አስረከቡ። ቀለበቷን በመስጠት ቀዳሚ የሆነችውም ንግሥት ኤሌና ነበረች። ጦሩ በያዘው የኢትዮጵያ መሬት ደግሞ ባሪያን ነፃ ለማውጣትና ሥልጣኔን ለማምጣት መምጣቱን የሚያውጁ ጽሑፎች ተበተኑ። በሰማይ የሚያልፉት አውሮፕላኖች ግን ከወረቀቱ ሌላ የመርዝ ጋዝ ይጥሉ ነበር።

ከዋና ከተማ ወደ ደጋው

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ከተነሡ በኋላ ከተማዋ በዘረፋና በቃጠሎ ታወከች። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ገባ። ባላምባራስ አበበ ለወራሪው አልገቡም። ተከታዮቻቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ሸዋ ወጡ።

ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን መልሰው ለመያዝ በተለያየ አቅጣጫ ባደረጉት ጥቃት ከተሳተፉት መሪዎች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። የክረምቱ ዝናብና የወንዞች ሙላት፣ ከሁሉም በላይ በየአቅጣጫው የተሰለፉትን ኃይሎች የሚያገናኝ መልእክት ማስተላለፊያ አለመኖሩ ጥቃቱ ሳይሳካ እንዲቀር አደረገ። በማግስቱ፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በአደባባይ በጥይት ተደበደቡ። ወራሪው ከእርሳቸው የፈለገው አርበኞችን እንዲያወግዙና ሕዝቡ እንዲገዛ እንዲሰብኩ ነበር። አንድ ጳጳስ የሚያሰማው ቃል ከብዙ ሺህ በራሪ ወረቀት እንደሚበልጥ ስላወቀ ነበር ይህን የጠየቀው። አቡኑ እምቢ በማለታቸው ግን የተፈራው ቃል በሞታቸው ጸና፤ ዜናውም በገዳማትና በገበያዎች በኩል እስከ ደጋው ዳርቻ ደረሰ።

ከዚህ በኋላ የባላምባራስ አበበ ዋና መንቀሳቀሻ ጅሩ፣ ተጉለት፣ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ሆነ። የአካባቢው አቀማመጥ ለመከላከል የተመቸ ነበር። የጀማና የወንጪት ወንዞች በፈለጧቸው ጥልቅ ገደሎች የመርሐቤቴ ደጋ እንደ አምባ ተከብቦ ይገኛል። የመንዝና የግሼ ከፍታ ብርድ ደግሞ ባና ለማይደርብ እንግዳ ጦር ከባድ ነበር። ይሁን እንጂ ገደልና ብርድ ብቻቸውን ጦር አይመግቡም። አርበኛውን ያኖረው ገብሱን አካፍሎ የሰጠው ገበሬ፣ በሌሊት ስንቅ ተሸክማ የወጣችው ሴት፣ የጠላትን እንቅስቃሴ ከገበያ ሰምቶ ያደረሰው መንገደኛ ነው።

የወረቀቱ ጦርነት

የኢጣሊያ አስተዳደር ይህን ሕዝብ ከአርበኛው ለመለየት ብዙ ዘዴ ሞክሯል። በአዲስ አበባ የቄሣር መንግሥት መልክተኛ የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ ያሳትም ነበር። ለሚገቡ መኳንንት ምሕረት፣ ደመወዝና ሹመት እንደሚሰጥ የሚያስታውቁ ጽሑፎችም ይሰራጩ ነበር። ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት በሆነበት አገር እንዲህ ያለው ጽሑፍ ለብዙኃኑ የሚደርሰው በካህን ወይም በደብተራ ተነቦ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ያነበበው ሰው ማንነትና አድማጩ በዓይኑ ያየው ነገር የመልእክቱን ዕጣ ይወስኑ ነበር።

የደጋው ሰው ያየው ደግሞ ከተጻፈው ጋር አልገጠመም። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው ደጃዝማች አስፋ ወሰን ካሣ ሕይወታቸው እንደሚጠበቅ ተስፋ ተሰጥቷቸው ከገቡ በኋላ በፍቼ ተገደሉ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ለቀናት ጭፍጨፋ ተፈጸመ። በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኮሳትና ምእመናን ተረሸኑ። ከእነዚህ ድርጊቶች በኋላ የምሕረት ተስፋ የሚሰጥ ወረቀት በሰሜን ሸዋ ሲነበብ አድማጩ የሚያስበው ስለ ፍቼና ስለ ደብረ ሊባኖስ ነበር።

ግራዚያኒ የሕዝቡን የራሱን የመገናኛ መንገድ ምን ያህል እንደ ፈራው የሚያሳይ አንድ ማስረጃ አለ። በመጋቢት 1929 ዓ.ም. አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ዟሪ መነኮሳት ተይዘው እንዲጠፉ ትእዛዝ ሰጠ። ማተሚያ ቤትም ሬዲዮም ያልነበራቸው እነዚህ ሰዎች ወሬን ከአገር አገር ያደርሱ፣ የአገዛዙን ውድቀት ይተነብዩ፣ የአርበኛውን ስም በዜማ ያነሡ ነበር። በጥይት እንዲጠፉ የተፈረደባቸው ለቃላቸው ሲባል ነው።

በአርበኞቹ በኩልም ምልክትና ቃል ያስፈልግ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በስደት በነበሩበት ጊዜ ሕዝቡ የሚሰበሰብበት የንግሥና ስም እንዲኖር የልጅ ኢያሱ ልጅ የነበሩት ወጣቱ ልጅ መልአከ ፀሐይ በሸዋ አርበኞች ዘንድ እንደ ንጉሥ ተቆጠሩ። አበበ አረጋይ የራስነት ማዕረግ ያገኙት ከእርሳቸው ነው። ወጣቱ ልዑል ብዙም ሳይቆዩ አረፉ፤ ማዕረጉ ግን ከራስ አበበ ጋር ቀረ፤ በኋላም በንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ጸና። ራስ አበበ ከየአካባቢው አለቆችና ከጠላት ሹማምንት ጋር በደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር።

ዘረት፣ ሚያዝያ 1931 ዓ.ም.

ሕዝብን ለትግል መጥራት ምን ያህል ከባድ ኃላፊነት እንደ ሆነ ከዘረት ዋሻ በላይ የሚመሰክር ቦታ በመንዝ የለም። በ1930 እና በ1931 ዓ.ም. ጄኔራል ካቫሌሮ የራስ አበበን ኃይል ለማጥፋት በሸዋ ተከታታይ ዘመቻዎችን አካሄደ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. መጀመሪያ የኢጣሊያ ጦር ከራስ አበበ ጋር የተሰለፉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው የተጠለሉበትን ዋሻ ከበበ። በዋሻው ውስጥ ተዋጊዎች ብቻ አልነበሩም። ሴቶች፣ ሕፃናት፣ አረጋውያንና ቁስለኞች በብዛት ነበሩበት። የሚበላ እህልም በዚያው ተከማችቶ ነበር።

ተከላካዮቹ በጠመንጃ አልወጣ ባሉ ጊዜ የመርዝ ጋዝ ተጠቀሙባቸው። ከዚያ በኋላ እጃቸውን ከሰጡት ወንዶች ብዙዎቹ በገደሉ አፋፍ ተረሸኑ። በዋሻው ውስጥ ያለቁትም እዚያው ቀሩ። ከስልሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ ተመራማሪዎች ወደ ቦታው ሲገቡ አጽም፣ የእህል ማስቀመጫ፣ የቤት ዕቃና የልብስ ቅሪት አግኝተዋል። የዘረት ሰዎች ለአርበኛው ያቀረቡት ስንቅና መጠለያ በጦርነቱ ውስጥ እንደ ተዋጊ አስቆጥሯቸዋል። ለሕዝብ የሚተላለፍ የጦርነት ጥሪ በመጨረሻ የሚያርፈው እንዲህ ባለው ቤተሰብ ትከሻ ላይ መሆኑን ዘረት ያስታውሳል።

ራስ አበበ ከዚህ ጥፋት በኋላም ትግሉን አላቋረጡም። ሕዝቡም አልተለያቸውም። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ግልጽ ነው። የሚጠራው መሪ ከተጠራው ሕዝብ ጋር በአንድ ብርድ፣ በአንድ ረኃብና በአንድ ቦምብ ሥር ነበር።

የድርድሩ ዘመን

በ1930 ዓ.ም. ግራዚያኒን የተካው የአኦስታው መስፍን፣ በሸዋም ጄኔራል ናዚ፣ ከግድያ ይልቅ በማባበል ሰላም ለማምጣት ሞከሩ። የዚህ መመሪያ ትልቁ ግብ ራስ አበበን ማስገባት ነበር። የእርሳቸው መግባት በጋዜጣና በበራሪ ወረቀት ቢታወጅ በመላው አገር ያለው አርበኛ ልቡ እንደሚሰበር ተስፋ ተደርጎ ነበር። በ1932 ዓ.ም. ረጅም ድርድር ተካሄደ፤ ደብዳቤዎችና መልእክተኞች ተመላለሱ።

ራስ አበበ ድርድሩን አልዘጉትም፤ አልፈጸሙትምም። በዚህ መካከል ለተዳከመው ጦራቸው እረፍትና ጊዜ አገኙ። ጄኔራል ናዚ በጉጉት የጠበቀው የመግባት ሥነ ሥርዓት ሳይፈጸም ቀረ። ወራሪው ሊያውጅ ያዘጋጀው ዜና ዜና ሳይሆን ቀርቶ፣ የራስ አበበ አለመግባት ራሱ በደጋው የሚነገር ዜና ሆነ።

ኢጣሊያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ስታውጅ ሁኔታው ተለወጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ሱዳን መጡ። የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የንጉሠ ነገሥቱን አዋጅ የያዙ የአማርኛ ወረቀቶች መጣል ጀመሩ። በጋዜጠኛው በጆርጅ ስቲር የሚመራ የፕሮፓጋንዳ ክፍልም የይሁዳ አንበሳ ማኅተም ያረፈባቸውን ጽሑፎችና ባንዲራችን የተባለውን የአማርኛ ጋዜጣ አዘጋጀ። እነዚህ ጽሑፎች በኢጣሊያ ሥር የተመለመሉ ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ከነመሣሪያቸው ወደ አርበኛው እንዲዞሩ ይጠሩ ነበር። በዚህ ጊዜ ከሰማይ የወረደው ወረቀት በምድር ላይ ምስክር ነበረው። በሸዋ ደጋ ራስ አበበ ለአራት ዓመታት ሳይገቡ መቆየታቸው፣ በጎጃምና በጎንደርም ሌሎች አርበኞች መጽናታቸው ለጽሑፉ ዋስትና ሆነው።

የእንግሊዝ ጦር መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ከተማዋ በተያዘች ልክ በአምስተኛው ዓመት ሲገቡ፣ የራስ አበበ አርበኞች ከተቀባዮቹ ዋነኞቹ ነበሩ። ብዙዎቹ ጠጉራቸውን ያጎፈሩ፣ ልብሳቸው ያለቀ፣ ከጠላት የማረኩትን መሣሪያ የያዙ ሰዎች ነበሩ። ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. መታተም የጀመረው አዲስ ዘመን ጋዜጣ ደግሞ ለነፃው መንግሥት አዲስ የሕዝብ መገናኛ ሆነ።

ከድል በኋላ

ራስ አበበ ከነፃነት በኋላ በከፍተኛ የመንግሥት ኃላፊነቶች አገለገሉ። የጦር ሚኒስትር፣ የትግራይ ጠቅላይ ግዛት ገዥ፣ የአገር ግዛት ሚኒስትርና የመከላከያ ሚኒስትር ሆነዋል። ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀ መንበር ነበሩ።

ይህ የሕይወታቸው ክፍል ከአርበኝነታቸው ይልቅ አከራካሪ ነው። በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ በትግራይ የተነሣውን የወያኔ ዓመፅ ለማብረድ የተላከውን ጦር መርተዋል። በዚያ ዘመቻ ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቀሌን ደብድበዋል። በመንዝ ገደሎች ከአውሮፕላን ቦምብ የተጠለሉት መሪ አሁን አውሮፕላን በሚያዝዘው መንግሥት ወገን ቆመው ነበር። በሌላ በኩል ብዙ አርበኞች ከጠላት ጋር ያደሩ ሰዎች ሹመትና ርስት ሲያገኙ እነርሱ መረሳታቸውን በምሬት ይናገሩ ነበር። በክተቱ ጊዜ ለሕዝብ የተሰጠ ተስፋ በሰላሙ ጊዜ ካልተፈጸመ ቅሬታው ለትውልድ እንደሚተርፍ ይህ ወቅት ያስረዳል።

የራስ አበበ ሕይወት ያለፈው በሌላ የቃል ጦርነት መካከል ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ የመንግሥት ግልበጣ ሲሞክሩ ራስ አበበ ከሌሎች ሚኒስትሮችና መኳንንት ጋር በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታሰሩ። ግልበጣውን የሞከሩት ወገኖች በአልጋ ወራሹ ድምፅ በሬዲዮ አዲስ መንግሥት ማቋቋማቸውን አሳወቁ። በተቃራኒው ወገን በመርሐቤቴ አውራጃ የተወለዱት ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ ሕዝቡና ወታደሩ ለንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ እንዲሆኑ የሚያሳስብ መልእክት አወጡ፤ ይህም በወረቀት ታትሞ በከተማዋ ተሰራጨ። ከሬዲዮው ድምፅ ይልቅ በቤተ ክርስቲያን አባት ስም የወጣው ወረቀት በብዙዎች ዘንድ ተሰሚነት አገኘ። ግልበጣው መክሸፉ በታወቀ ጊዜ ግን በቤተ መንግሥቱ የታሰሩት ባለሥልጣናት ላይ ተኩስ ተከፈተ። አምስት ዓመት በገደልና በዋሻ ከወራሪ ያመለጡት ራስ አበበ በአገራቸው ሰዎች እጅ ከሌሎች ታሳሪዎች ጋር ወደቁ። ዕድሜያቸው 57 ዓመት ነበር።

የታሪኩ ትምህርት

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 የሚከበረው የአርበኞች የድል በዓል የራስ አበበንና የጓዶቻቸውን ስም ያስታውሳል። ከስሞቹ ጋር ሊታወሱ የሚገባቸው ግን በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ጥሪውን ሰምተው እህላቸውን፣ ቤታቸውንና ልጆቻቸውን የሰጡ፣ ስማቸው በየትኛውም ጋዜጣ ያልታተመ ሰዎች ናቸው።

የኢጣሊያ አስተዳደር ማተሚያ ቤት፣ አውሮፕላንና ገንዘብ ነበረው። ሆኖም በፍቼ የተሰጠው ተስፋ ስለ ፈረሰ ወረቀቱ ሁሉ ዋጋ አጣ። አርበኞቹ ከደብዳቤ፣ ከካህናት ቃልና ከአዝማሪ ዜማ በቀር መሣሪያ አልነበራቸውም፤ ቃላቸው ግን በሥራ የተደገፈ ስለ ነበር ሕዝቡ ተቀበለው። መንግሥት ለዜጎች የሚያስተላልፈው ማንኛውም መልእክት፣ በጦርነትም በሰላምም፣ ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። ጥሪው እውነት ሊሆን፣ የተገባው ቃል ሊፈጸም፣ የተከፈለውም መስዋዕትነት ሊቆጠር ይገባል።

በአካባቢው ቤተሰቦች እጅ የዚያ ዘመን ማኅተም ያለባቸው ደብዳቤዎች፣ በራሪ ወረቀቶችና ፎቶግራፎች ሊገኙ ይችላሉ። እነዚህን ከእርጥበትና ከጭስ ጠብቆ ማቆየት፣ የሽማግሌዎችንም ቃል በጊዜው መዝግቦ ማስቀመጥ፣ ስማቸው ላልታተመው ሰዎች የሚከፈል ውለታ ነው።